ሥራሽን ከመልቀቅሽ በፊት

ውድ እታለም፣

ሰኞ ጧት የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «በወሩ መጨረሻ መልቀቂያዬን አስገብቼ እመጣለሁ፤ ያለህበትን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አይዞህ» ትያለሽ። ከኋላሽ የስፌት መኪናዎች ይንጫጫሉ። መሃል ላይ አንዲት ተማሪሽ «መምህርት፣ ክሩ አሁንም ተበጠሰብኝ» ስትል ይሰማል፤ አንቺም አፍሽን ከስልኩ ዞር አድርገሽ «ቀስ በይ እናቴ፣ መጀመሪያ መርፌውን ከፍ አድርጊው» አልሻት። እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገሪ ሰምቼሽ አላውቅም። ቤት ሳለሽ የማውቀው ድምፅሽ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የሚቸኩል ነበር። ይኸኛው ቦታውን ያገኘ ሰው ድምፅ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

በድምፅ ልመልስልሽ አስቤ ነበር። ግን እንተዋወቃለን። ድምፄ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ቀሪውን ሳትሰሚ ትደውያለሽ፤ ከደወልሽ ደግሞ እኔ እንደ ልማዴ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብዬ ነገሩን አድበስብሼ አልፈዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አደራሽን፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቢው ለአለቃሽ ምንም ወረቀት እንዳትሰጪ።

የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ፤ ከሥሩ ካልጀመርኩት ግን አይሆንልኝም።

ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ኖታን በብሬል ተምሬ ስመለስ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ጭንቅላቴ በዜማ ተሞልቷል፤ ችግሩ ጣቴ የምታነበውን ነጥብ የሚያነብ ዘፋኝ በሰፈራችን አልነበረም። አንቺ ያን ጊዜ የደንብ ልብስ ትሰፊ ነበር። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ የኖታ መማሪያ ይዘሽ መጣሽና «አንተ ድምፁን ታውቃለህ፣ እኔ ቅርጹን እማራለሁ፤ ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ሰው አይወጣውም?» አልሽኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ እኔ «ዶ፣ ሩብ፤ ሬ፣ ግማሽ» ስል፣ አንቺ ጠመኔውንና መቀሱን ገፋ አድርገሽ በመቁረጫ ጠረጴዛሽ ላይ ስትጽፊ ኖርሽ። ሆስፒታሉ ስልክ ኦፕሬተር አድርጎ ከቀጠረኝና የሠራተኞቹ ኳየር ውስጥ ከገባሁ በኋላም ያቀናበርኳቸው ዘፈኖች አንድ ሳይቀሩ በእጅሽ ያለፉ ናቸው። ነርሶቹና የአምቡላንስ ሾፌሮቹ ወረቀቱን ሲቀበሉ «የእህትህ እጅ ጽሑፍ እንዴት ያምራል» ነበር የሚሉኝ። ስለ ዜማው ትንፍሽ የሚል አልነበረም።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ።

የዛሬ አምስት ዓመት ጋሽ ብሎን አንድ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ጫኑልኝ። ታስታውሻቸዋለሽ፤ የሆስፒታላችን ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ በሄዱበት ሁሉ ኪሳቸው በብሎን የሚንሿሿው ሰውዬ። «ይኸ ነገር ባለቤት የለውም» አሉኝ። «ወይም ባለቤቱ ብዙ ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት ነው። የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ገብቶ ያያል፣ የቻለ ያስተካክላል።» ስክሪን ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ ከሚያነብልኝ ድምፅ ጋር፣ አፈ ቀላጤ ብዬ ከሰየምኩት ጋር ማለቴ ነው፣ ፕሮግራሙ በደንብ ይግባባ ነበር። በሁለት ቀን አንዲት አጭር ዜማ ጻፍኩበት። ጋሽ ብሎን አትመው አዩዋትና «ልክ ናት» አሉኝ።

አንቺ «ያ የኮምፒውተሩ ነገር እንዴት ሆነ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ምን አልኩሽ? «ለዓይነ ስውር የሚሆን አይደለም።»

ዋሸሁሽ፣ እታለም። ራሴ መጻፍ ከቻልኩ ቅዳሜ ከሰዓት ከእኔ ጋር የምትቀመጪበት ምክንያት ያልቃል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ከተማ ሄደሽ የልብስ ቅድ እንድታስተምሪ የሚጠራሽ ደብዳቤ ያን ሰሞን ቦርሳሽ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር ብዬ ብምልልሽ ታምኚኝ ነበር። ግን አውቅ ነበር። በረንዳ ላይ ለጎረቤታችን «ወንድሜን ለማን ትቼ ልሂድ?» ስትያት በመስኮት ሰማሁሽ። የሚያሳፍረኝ መስማቴ አይደለም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥሪው ዳግመኛ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜስ ጨክነሽ ሄድሽ። የሄድሽ ዕለት «ተረኛ ነኝ» ብዬ አውቶቡስ ጣቢያ ሳልሸኝሽ ቀረሁ። ተረኛ አልነበርኩም። ሆስፒታል ሄጄ ስልክ ማዞሪያው ክፍል ውስጥ ካለው ትርፍ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ተረኛዋ ባልደረባዬ «ዛሬ እረፍትህ አይደል እንዴ?» ስትለኝ «እቤት ውሃ የለም» አልኳት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ዋልኩ። አኩርፌሽ ነበር። መብት ያለኝ ይመስል።

አንድ ዓመት ምንም አልጻፍኩም። ከዚያ ሲስተር፣ የኳየራችን መሪ የልጆች ክፍሏ ነርስ፣ ጡረታ ለምትወጣው አዋላጅ መሸኛ አዲስ ቅንብር ስትጠይቀኝ፣ እልህ ያዘኝና ያንን ፕሮግራም ከአራት ዓመት በኋላ ከፈትኩት። ሦስት ሳምንት ብቻዬን ሠራሁ። ለአራት ድምፅ ነው የጻፍኩት። ጋሽ ብሎን አሥራ ስምንት ቅጂ አተሙልኝ፣ እኔም ወረቀቱን በእጄ እያደልኩ ደረቴ ተነፍቶ ቆምኩ።

ልምምዱ የራጅ ክፍሉ መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በአራተኛው መስመር ላይ ከፍ ባለው የወንድ ድምፅ የሚዘፍኑት ሾፌሮች ሴቶቹ ሳይጨርሱ ዘው ብለው ገቡ። ሲስተር አስቆመችና እንደገና አስጀመረች። እንደገና ገቡ።

«ምን ሆናችኋል?» አለቻቸው።

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የዘፈንነው» አለ አንዱ። «ታመናል እንዴ?»

ሲስተር ወረቀቱን ስታገላብጥ ይሰማኛል። ከዚያ ዝግ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እዚህ ጋ ዕረፍቱ ሁለት ምት መሆን ሲገባው አንድ ነው» አለችኝ። «እዚህ ደግሞ ጭራሹን የለም። ሰባት ቦታ ቆጠርኩ።»

ከኋላ አንዲት ሴት «እህቱ ብትኖር እንዲህ አይሆንም ነበር» ስትል ሰማሁ። በክፋት አላለችውም፤ አዝና ነው። ለአዋላጇ የድሮ ዘፈን ዘፈንን፤ አንቺ የጻፍሽውን።

ስህተቱ ከየት መጣ? በማግስቱ ቁጭ ብዬ ፈተሽኩት። ዘፋኙ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች የሚያሳዩትን የዕረፍት ምልክቶች ታውቂያቸዋለሽ፤ የግማሽ ዕረፍቷን «ባርኔጣ» ነበር የምትያት። አፈ ቀላጤ ኖታ ላይ ስደርስ «ሶል፣ ሩብ» ይላል። ዕረፍት ላይ ስደርስ ግን ምንም አይልም። የአንድ ምት ይሁን የአራት፣ ይኑር አይኑር አይናገርም። የመጀመሪያዋ አጭር ዜማዬ ዕረፍት ስላልነበራት ነው ያኔ ያልታወቀኝ። እኔ በጨለማ ግድግዳ እንደሚዳብስ ሰው ገምቼ ነበር የጻፍኩት፤ ሰባቱን ሳትኩ።

የፕሮግራሙ ሠሪዎች በኢንተርኔት የሚገናኙበት ሰሌዳ አላቸው። «ስህተት ያገኘ ይንገረን» ይላል። ነገርኳቸው፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ትንሽም በንዴት። በሦስተኛው ቀን ስሙን «ቁራ» ብሎ የሚጽፍ ሰው መለሰልኝ። «ልክ ነህ። ስህተቱን እናውቀዋለን። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የሚይዘው ሰው ጠፍቶ ነው። አንተ ለምን አትሞክረውም?»

እንዴት እንደበገንኩ። «እኔ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ፤ በሕይወቴ አንድ መስመር ኮድ ጽፌ አላውቅም» ብዬ መለስኩ።

«እኔ መኪና ቀቢ ነኝ» አለኝ ቁራ። «ለጀማሪዎች የሚሆን ገጽ አለን። ከዚያ ጀምር። ስትቸገር ጠይቅ።»

ሁለት ቀን ሰደብኩት፣ በልቤ። በሦስተኛው ቀን ጧት ገጹን ከፈትኩት።

እታለም፣ ከዚያ ያለፍኩበትን ሁሉ ብነግርሽ ደብዳቤው አይቋጭም። ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ማለዳ ሁለት ሰዓት፣ በምሳ እረፍቴ ደግሞ አንድ ሰዓት፣ ፕሮግራም አጻጻፍ ተማርኩ፣ በጆሮዬ። ኮድ በቅንፍና በነጥብ ሰረዝ የተሞላ ነገር ነው፤ አፈ ቀላጤ «ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ዝጋ» ሲልብኝ እየዋለ ስልክ ማዞሪያው ላይ ለደወለ ሰው «ቅንፍ ክፍል ላገናኝዎት?» ልል ምንም አልቀረኝም። ምሳዬን ጋሽ ብሎን የጥገና ክፍል ውስጥ ነበር የምበላው። ክፍሉ የቀለጠ ቆርቆሮና የአቧራ ሽታ አለው። አንድ የተጣለ ኮምፒውተር አጽድተው ጥግ ላይ አስቀመጡልኝና «ይኸ ያንተ ነው፤ ብታበላሸው ማንም አይጠይቅህም» አሉኝ።

አራት ወር ከተማርኩ በኋላ የመጀመሪያው በር ላይ ቆምኩ። ኮዱን ለመንካት መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከኮዱ ተነሥቶ በራስ ኮምፒውተር ላይ መገንባት ያስፈልጋል። ለጀማሪዎች የተጻፈው ገጽ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ዘጠኙንም አንድ በአንድ ፈጸምኩ፤ መጨረሻ ላይ «አልተገኘም» ብሎ ቆመ። አጥፍቼ እንደገና። «አልተገኘም።» ምኑ እንደማይገኝ እንኳ በወጉ አይናገርም። አሥራ ስድስት ቀን። እኔ ደደብ ነኝ ብዬ ወሰንኩ፤ ለጋሽ ብሎንም ነገርኳቸው።

«ደደብ መሆንህን በኋላ እናጣራለን» አሉኝ። «እስቲ አጠገቤ ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ሥራው፤ የምታደርገውን ሁሉ ንገረኝ።»

አምስተኛው እርምጃ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። በእኛ ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ መጫን ያለበት አንድ ነገር ነበር፤ ገጹ አይናገርም። ጫንነው። በሃያ ደቂቃ ፕሮግራሙ ተገነባ፤ አፈ ቀላጤ ስሙን ጠርቶ ሲከፍተው ጋሽ ብሎን የያዙት ብሎን ወደቀባቸውና ለማንሳትም አልጎነበሱ።

ቁራን ጠየቅኩት። «ይህ ነገር በገጹ ላይ የለም፤ እንዲገባ ለማን ልንገር?»

«ለራስህ» አለኝ። «አንተው ጻፈውና ላክልን።»

የመጀመሪያው አስተዋጽኦዬ፣ እታለም፣ ሙዚቃም ኮድም አይደለም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ «ኮምፒውተርዎ አሮጌ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይጫኑ» የምትል። በማግስቱ ተቀብለው አስገቧት። ቁራ ከሥሯ «ገብታለች። እናመሰግናለን። ብዙ ሰው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሳይነግረን ሄዷል» ብሎ ጻፈ። ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ በትሬን እንደ ዱላ እያወዛወዝኩ ነበር የሄድኩት፤ አንዲት ሴትዮ «ወንድሜ፣ ቀስ» ብላኛለች።

ከዚያ ወደ ዕረፍቶቹ። ቦታውን ለማግኘት አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲገኝ ግን ነገሩ ቀላል ነበር። ኮዱ ራሱን ይጠይቃል፤ «ይህ ኖታ ነው? ከሆነ ተናገር። ተደራራቢ ኖታ ነው? ከሆነ ተናገር። ሌላ ከሆነ እለፈው።» ዕረፍትን ማንም አላሰበውም። «ዕረፍት ነው? ከሆነ ዕረፍት መሆኑንና ስንት ምት መሆኑን ተናገር» የሚል ጨመርኩና ላክሁት። ጨርሻለሁ ብዬ ተዝናናሁ።

ቁራ በአሥራ አንድ ነጥብ መለሰልኝ። እዚህ ስሙ ልክ አይደለም፤ እዚህ ሁለት ጊዜ ደግመሃል፤ እዚህ የቤቱን ደንብ ጥሰሃል። የመጨረሻዋ ግን አጥንቴ ድረስ ገባች። «ሁለት ድምፅ በአንድ መስመር ላይ ሲጻፍ ኮድህ ፕሮግራሙን ዘግቶ ይጥለዋል። ሞክረኸው ነበር? ውጤቱን የሚያሳይ የስክሪን ፎቶ አንሥተህ ላክ።»

አልሞከርኩትም ነበር። ፎቶውን ደግሞ እንዴት አድርጌ? ዓይነ ስውር መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም፤ እንዲያዝኑልኝ አልፈለግኩም። ስህተቱን በምን እንደደረስኩበት ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸው። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። ዘጠኝ ቀን አልከፈትኩትም። ጋሽ ብሎን ጥግ ያለችውን ወንበሬን አላነሷትም፤ አንድ ቀን ብቻ በመተላለፊያው ላይ ሲያገኙኝ «አሥራ አንድ ስህተት ያገኘልህ ሰው ሥራዬ ብሎ አንብቦሃል ማለት ነው» ብለውኝ አለፉ። አልሰማኋቸውም።

የመለሰችኝ ሲስተር ናት፤ ሳታውቀው። ስልክ ማዞሪያው ክፍል ብቅ ብላ አዲስ ዘፈን እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ግዴለም፣ አትጨነቅ። እህትህ እስክትመጣ እንጠብቃለን» አለችኝ።

እታለም፣ ያ የደግ ሰው ንግግር ነው። እኔን ግን እንደ ሚስማር ወጋኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አሥራ ስምንት ሰው እህቴ እስክትመጣ እየጠበቀኝ ነው። አንቺ ደግሞ ያቺን ቃል ብትሰሚ እንደምትመጪ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት በምሳ ሰዓት ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ለቁራ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የስክሪን ፎቶ ልልክልህ አልችልም። ስክሪኑን አላየውም። ዓይነ ስውር ነኝ። ሁለት ድምፅ ያለውን ደግሞ አልሞከርኩትም፤ ልክ ነህ።»

አንድ ቀን ሙሉ መልስ የለም። አሁን ያ የማውቀው ነገር ሊመጣ ነው አልኩ፤ «ጎበዝ፣ ይህን መሞከርህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» የሚል፣ በር የሚዘጋ ምስጋና። በማግስቱ ከፈትኩት።

«እሺ። እንግዲያው ድምፁን ቅዳና ላክ። አሥራ አንዱ ነጥቦች ግን እንዳሉ ናቸው።»

ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ክብር ሰው ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ከአንቺ በቀር።

አራት ጊዜ ልኬ አራት ጊዜ መለሱት። እያንዳንዱን የዕረፍት ዓይነት የሚፈትን ሌላ ኮድም ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ሁለቱ ድምፆች ሲደራረቡ የሚወድቀውን ነገር ለማግኘት ከዓመት ፈቃዴ ሁለት ቀን ወሰድኩበት። በአምስተኛው ተቀበሉት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አዲሱ የፕሮግራሙ እትም ሲወጣ በአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ ዝርዝር ላይ «ኦፕሬተር» የሚል አለ። እኔ ነኝ። አፈ ቀላጤን ደጋግሜ አስነበብኩት።

የአዋላጇን ዘፈን ከፈትኩ። አራተኛው መስመር፣ የሾፌሮቹ ድምፅ። የቀስት ቁልፉን ተጫንኩ። «ዕረፍት፣ አንድ ምት» አለኝ። ልክ ነበረች ሲስተር፤ ሁለት መሆን ነበረበት። አስተካከልኩት። ሰባቱንም አንድ በአንድ እየሰማሁ አስተካከልኩ። ከዚያ ስምንተኛ አገኘሁ፤ ሲስተርም ያላየችውን።

ያለፈው ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ ልምምድ ሄድኩ። ስለ ፕሮግራሙ ምንም አልተናገርኩም፤ «እስቲ ይችን እንሞክራት» ብቻ ነው ያልኩት። ሴቶቹ ጀመሩ። አራተኛው መስመር ላይ ሾፌሮቹ ጠበቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ገቡ፣ ልክ በቦታቸው። እስከ መጨረሻው ማንም አላቆመን። ሲያልቅ ያ አፈኛ ሾፌር «ይኸ ነው እንጂ ወረቀት» አለ።

ሲስተር ግን ወደ ውጭ ይዛኝ ወጣችና «ማን ጻፈልህ?» አለችኝ።

«እኔ።»

«ብቻህን?»

«ከአንድ መኪና ቀቢና ከጋሽ ብሎን ጋር።» ነገርኳት፣ ሁሉንም።

«ምነው አፌን በቆረጠው» አለች። «ትናንት ለእህትህ ደወልኩላት። ስምንት ወር ኖታ አላመጣም፤ ተስፋ ቆርጦ ተቀምጧል አልኳት። የምትመጣ ይመስለኛል።»

ሰኞ መልእክትሽ ደረሰኝ።

ለምን ቀደም ብዬ አልነገርኩሽም? ፕሮግራም እየጠገንኩ ነው ብልሽ «ለዓይነ ስውር አይሆንም ያልከኝ?» ትይኛለሽ፤ ያኔ የአምስት ዓመት ውሸቴ ይወጣል። አሁን ራሴ አወጣሁት። ከመጀመሪያው ጥሪሽ ሦስት ዓመት የሰረቅሁሽ እኔ ነኝ። መመለስ አልችልም። አራተኛ እንዳይጨመርበት ማድረግ ግን እችላለሁ።

ስለዚህ ስሚኝ፣ እታለም፤ ታናሽሽ ብሆንም አንድ ጊዜ ልዘዝሽ። መልቀቂያውን አታስገቢ። ጽፈሽው ከሆነ ቅደጂው። የክፍል ኃላፊነቱን ሊሰጡሽ እንደሆነ ሲስተር ነግራኛለች፤ ለእኔ አልነገርሽኝም፣ ለምን እንዳልነገርሽኝም ይገባኛል። ተቀበይው። ያቺ ክሯ የሚበጠስባት ልጅ አንቺ ስትሄጂ ማን «መርፌውን ከፍ አድርጊው» ይላታል? እኔን ተይኝ። የቀረ ሥራ አለኝ፤ ፕሮግራሙ ከኖታው ሥር የሚጻፈውን ግጥም አሁንም በደንብ አያነብም፤ ሰሌዳው ላይ «እኔ ይዤዋለሁ» ብዬ ከትናንት በስቲያ ጽፌያለሁ። ቁራም «በርታ» አላለኝም፤ «ፈተናውን እንዳትረሳ» ነው ያለኝ።

ናፍቀሽኛል። ይህን ለማለት ኖታ ማስጻፍ እንደማያስፈልገኝ ዘግይቼ ነው የገባኝ። የዕረፍት ጊዜሽ ሲደርስ ነይ፤ ጣቢያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፣ ተረኛም ብሆን። ቅዳሜ ከሰዓት አብረን እንቀመጥ፣ ምንም ሳንጽፍ። ከፈለግሽ ልብስ ስፊ፣ እኔ አወራልሻለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ዘፈኑን ልኬልሻለሁ፤ ስድስት ገጽ ነው። አትሚውና እይው። ድሮ ስሳሳት ሳትነግሪኝ ታርሚልኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ላጲሱ ሲፋቅ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም ያልሰማሁ መስዬ አልፍ ነበር። አሁን ስህተት ካገኘሽ እንዳትነኪው። ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። የማስተካክለው እኔ ነኝ።

ወንድምሽ፣
ኦፕሬተሩ